ቁጥር ካለው ይሞታል

ስሙኝማ። ነገሩ የተበላሸው 144 የሚል ቁጥር ከአንድ ሰው አፍ ሲያመልጥ ነው።

ቅዳሜ ማታ ነበር። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ቤት። ውጭ በረዶ ይጥላል። እኔ የሳሎኑን መብራት ቀንሼ፣ ድምፄን እንደ አያቴ ዝቅ አድርጌ፣ ጠረጴዛውን ለከበቡ አራት ሰዎች አንድ አገር እየሠራሁላቸው ነው። ጉም ያጠረው ሸለቆ፤ የገባ የማይወጣበት። ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ግንብ። በግንቡ ውስጥ የሰው ደም እየጠጣ ለዘመናት የኖረ መስፍን። ስሙ ስትራድ ይባላል። አራቱም ትንፋሻቸውን ውጠው የሚያዳምጡኝ መስሎኛል።

"ይኼ ሰውዬ፣" አሉ ጋሼ፣ "ሕይወቱ ስንት ነው?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ማሙሽ ቀደመኝ። "144" አለ። የጨዋታውን መጽሐፍ ቀደም ብሎ አንብቦታል።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ቁጥር ካለው ይሞታል" አሉ።

አለቀ። ከዚያች ደቂቃ ወዲያ መስፍኑ መስፍን መሆኑ ቀርቶ የሚቀነስ ሒሳብ ሆነ። የአክስቴ ልጅ በስልኳ እየደመረች "እኔ 18 ቀነስኩ፣ አንተ ስንት?" ትላለች፤ ጋሼ የእሳት ድግምት ይወረውራሉ፤ ማሙሽ ይስቃል። ስትራድ ሲሞት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። ሽንብራ ቆረጠሙ፣ አመሰገኑኝ፣ ሄዱ። ማንም አልፈራም። እኔ ብቻ ሰፍሬ ሰፍሬ ያዘጋጀሁትን ጉም ይዤ ቀረሁ።

እንግዲህ ጨዋታውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ልጅ ሳለን አያታችን "ጅቡ መጥቶ በሩን አንኳኳ" ሲሉን "አትክፈቺ! አትክፈቺ!" እያልን አልነበረም የምንጮኸው? ተረቱ ግን መቼ ይሰማናል! በተረቱ ያለችዋ ልጅ ሁልጊዜ ትከፍታለች። ይኼኛው ጨዋታ ተረቱ የሚሰማህ ዓይነት ነው። አንዱ ሰው ያጫውታል፤ አጫዋች እለዋለሁ እኔ። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ። አጫዋቹ "በሩ ተንኳኳ" ይላል፤ አንተ ትከፍት እንደሆን፣ ትደበቅ እንደሆን፣ በመስኮት ትዘል እንደሆን ትናገራለህ። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። አሸናፊ የለም። ሰሌዳ ባይኖርም ይሆናል። ወረቀት፣ እርሳስና አፍ በቂ ነው።

እኛ ደግሞ እነዚህ ነን። ጋሼ አሉ፤ ሃያ ምናምን ዓመት ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ ሁላችንም አንቱ የምንላቸው። የአክስቴ ልጅ አለች፤ ነርስ ናት፣ በሳምንት ሦስት ሌሊት ተረኛ። ማሙሽ አለ፤ እዚሁ አገር ተወልዶ 22 ዓመት ሞልቶት እንኳ ጋሼ ማሙሽ ማለት ያልተዉት። አራተኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በአንድ ማታ ከአሥር ቃል በላይ ስለማይወጣው ዝምተኛው እንለዋለን። እኔ አጫዋቹ ነኝ።

በማግስቱ ማሙሽን ለመውቀስ ቃጣኝ፤ ግን ጥፋቱ የኔ ነው። ጨዋታውን የመረጥኩት ስሙን ሰምቼ ነው። ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው፤ ከጦርነት ጨዋታ፣ ከትናንሽ የቆርቆሮ ወታደሮች የወጣ ነው። ጀግና ያደርግሃል። በእያንዳንዱ ማታ ትጠነክራለህ፣ ሰይፍህ ይረዝማል። የስትራድን ታሪክ በ1983 ያሳተሙት ትሬሲና ሎራ ሂክማን፣ ባልና ሚስት፣ ቫምፓየሩን እንዲያው ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ መገደያውን ከሚጠብቅ አውሬ አውጥተው ታሪክ ያለው ሰው አደረጉት፤ በ2016 ታድሶ ትልቅ መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። ግሩም መጽሐፍ ነው፤ እንከን አይወጣለትም። ግን ጀግና የሆነ ሰው ይቆጣል እንጂ አይፈራም። ለመፍራት መጀመሪያ አቅም ማጣት አለ። እኔ ደግሞ ለፍርሃት የጠራኋቸውን ሰዎች እስካፍንጫቸው አስታጥቄ ነው በሩን የከፈትኩላቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ይዤ መጣሁ። ኮል ኦቭ ክቱልሁ።

ይኼኛው በ1981 የወጣ ነው፤ ደራሲው ሳንዲ ፒተርሰን፣ አሳታሚው ኬዮሲየም። መነሻው ኤች ፒ ላቭክራፍት የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ በ1928 ዊርድ ቴልስ በሚባል መጽሔት ያወጣው አጭር ልብ ወለድ ነው። እዚህ ጀግና የለም። መምህር ትሆናለህ፣ ሐኪም፣ ጋዜጠኛ። ጥይት ቢተኩሱበት የማይሰማው ነገር ከባሕር ሥር ተኝቶ ይኖራል፤ አንተ ስለሱ ባወቅህ ቁጥር የሚጎዳው ሥጋህ ሳይሆን አቅልህ ነው። አቅል በቁጥር ተጽፎ ከፊትህ ይቀመጣል። የሚዘገንን ነገር ስታይ ሁለት ባለ አሥር ፊት ዳይስ ትጥላለህ፤ ከ1 እስከ 100 የሆነ ቁጥር ይወጣል፤ ከአቅልህ በላይ ከወጣ ከአቅልህ ይቀነሳል።

የአክስቴ ልጅ ሐኪም ሆነች። በአንድ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ነገር አየች። (ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ለእሷም በደንብ አልነገርኳት፤ ሽታውን ብቻ ነው የነገርኳት።) በአንድ ጊዜ ሰባት ነጥብ ሄደ። አምስትና ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ ከሄደ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ፦ ለማስተዋል ዳይስ ትጥላለህ። ጣለች። አለፈች። ደስ አላት።

"እንግዲያው አበድሽ" አልኳት።

"እንዴት? አለፍኩ እኮ!"

"አልፈሽ ነዋ። ያየሽው ነገር ምን እንደሆነ ገባሽ። ያልገባው ይረሳዋል፣ ይድናል። የገባው ነው የሚያብድ።"

"ብልጥ በመሆኔ ልቀጣ?"

ጋሼ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸው ሲበራ አየሁ። "ምን ይገርምሻል?" አሉ። "መጽሐፍ ያሳበደው ደብተራ ሰምተሽ አታውቂም? ከማይገለጠው ገጽ ደርሶ፣ ገልጦ፣ በዚያው ዱር ለዱር የቀረ?" ከዚያ እኔን፣ "ጨዋታውን የጻፈውን ሰውዬ ይኼን ማን ነገረው?" አሉኝ። የነገረው የለም። ሕጉ ግን ቁርጥ የጋሼን ደብተራ ነው፤ በዚያ ጨዋታ ስለ ጥንታዊው ነገር ያወቅኸው ሁሉ ከ99 ላይ እየተቀነሰ የአቅልህ ጣሪያ ዝቅ ይላል። ሊቅ የሆነ ሰው ጣሪያው አናቱን ይነካዋል።

ያ ማታ ግማሹ ግሩም ነበር። ግማሹ ደግሞ ወረቀት ፍለጋ ያለቀ ነው። ከቤተ መዛግብት ውስጥ አንዲት ደብዳቤ መገኘት ነበረባት፤ ካልተገኘች ታሪኩ አይሄድም። ዝምተኛው ዳይስ ጣለ፤ አላገኘም። ጋሼ ጣሉ፤ አላገኙም። ማሙሽ ጣለ። አርባ ደቂቃ! ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ እንግዶቼን ደጅ አቁሜ ዝናብ አስመታሁ። ቆይቼ ሳነብ ለካ ሮቢን ሎውስ የሚባል የጨዋታ ደራሲ ለዚህ መላ ካበጀ ቆይቷል፤ ኬኔት ሃይት በ2008 ያወጣው ትሬል ኦቭ ክቱልሁ የቆመው በሱ መላ ላይ ነው። ፍንጭ ለፈለገ ሁሉ ይገኛል፤ ዳይስ የለም። ፍርሃቱ ደብዳቤዋን በማግኘት ላይ አይደለማ! አንብበው ከጨረሱ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ነው ፍርሃቱ። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ጨዋታ ሳጫውት ይኼን ሕግ ሰርቄ አስገባለሁ።

ያን ማታ ሰሃን እያነሳን ሳለ ማሙሽ ስለ ላቭክራፍት ጠየቀኝ። ምን ዓይነት ሰው ነበር? ነገርኩት። ፕሮቪደንስ የተወለደ፣ እዚያው በ1937 የሞተ፣ ድሀ ሆኖ የኖረ። ከ1924 እስከ 1926 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ኖሯል። ብሩክሊንን ጠላት። የጠላበትን ምክንያት በደብዳቤዎቹ አልደበቀም፤ ስደተኛው ነው። በየመንገዱ የሚሰማው የማያውቀው ቋንቋ፣ የማያውቀው ፊት፣ የማያውቀው የምግብ ሽታ። ከዚያ ፍርሃት ዘ ሆረር አት ሬድ ሁክ የሚለውን ታሪክ ጻፈ፤ በ1927 ታተመ። በታሪኩ ውስጥ ክፉው ነገር የሚፈላው ስደተኞች ከሚኖሩበት ሰፈር ምድር ቤት ነው።

ጋሼ የወጡን ድስት እንደያዙ ዙሪያቸውን ቃኙ። የበርበሬው ሽታ፣ የዕጣኑ ጭስ፣ እኛ። "እንግዲያው ጭራቆቹ እኛ ነን በለኛ" ብለው ከት ብለው ሳቁ።

ሁላችንም ሳቅን። ክሪስ ስፓይቪ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ ሃርለም አንባውንድ የሚል መጽሐፍ በ2017 እንዳወጣ፣ በዚያም የ1920ዎቹ የሃርለም ጥቁሮች የታሪኩ ባለቤቶች ሆነው የላቭክራፍትን ጭራቅ ራሳቸው እንደሚያሳድዱት ነገርኳቸው። ማሙሽ ያንን እንግዛ አለ። እኔ ግን ሌላ ሐሳብ ገብቶብኛል። የሰው ፍርሃት ለምን እንበደራለን? የራሳችን የለንም?

እዚህ ላይ ነው የሳትኩት። ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

ሦስት ሳምንት ጻፍኩ። ደጋ ላይ ያለ መንደር። ገበያ። ከመንደሩ ዳር፣ ከወንዙ ማዶ፣ እሳቱ የማይጠፋ የአንጥረኛ ጎጆ። ልጆች ይታመማሉ። ሌሊት ጅብ ይመጣል። አንድ ሌሊት ገበሬዎቹ ጅቡን በጦር ያቆስሉታል፤ በጨረቃ ሲያዩት ጆሮው ላይ ጉትቻ አለ። ይኼን ተረት ያልሰማ አለ? እኔ በልጅነቴ ሰምቼው ለሳምንት ሽንት ቤት ብቻዬን አልሄድኩም። ሳጫውተው ደግሞ ድምፄን ብትሰሙ! የአክስቴ ልጅ እግሯን ወንበር ላይ ሰብስባለች። ማሙሽ ስልኩን ከነካ ሰዓት አልፎታል። ጋሼ አማትበዋል። በልቤ፣ አሁን ገና ሆነልኝ አልኩ።

"አንጥረኛው ስሙ ማን ነው?" አለ ዝምተኛው።

"ስም የለውም፤ መንደሩ 'ጠይቡ' ነው የሚለው።"

ትንሽ ቆየ። "አያቴ ስም ነበራቸው" አለ።

ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኩሽና ሄዶ ውኃ ጠጣ። ተመልሶ ተቀመጠ። "ቀጥል" አለኝ። ቀጠልኩ፤ ምን እንደተናገርኩ ግን አላስታውስም። ማታውን ጨረስነው። ለየቤታቸው ሄዱ። እኔ የጉትቻውን ጅብ ይዤ እስኪነጋ ተቀመጥኩ።

ጠይቡ ማረሻውን ሠርቶ ይሰጥሃል፤ ታርስበታለህ፤ አብረኸው ግን አትበላም። ልጅህን ለልጁ አትድርም። ልጅ ሲታመም ዓይኑ ነው ትላለህ። በጎንደር ለቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ ነበር፤ ርስት ከለከሏቸው፣ ብረት ቀጥቅጠው ሸክላ ሠርተው ኖሩ፣ ቡዳ ተባሉ። እኔ ያን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ግን "የራሳችን ፍርሃት" ብዬ ኮርቼ አመጣሁት። ላቭክራፍት ከብሩክሊን መስኮቱ ያየውን ሰው ጭራቅ አደረገ፤ እኔ ደግሞ ከጠረጴዛዬ ማዶ የተቀመጠውን ሰው አያት። እሱ እንኳ ጎረቤቶቹን እራት ጠርቶ አልነበረም ያደረገው።

በነጋታው ደወልኩለት። "ይቅርታ" ስል "ተወው" አለኝ። ስለ ሌላ ነገር አወራን፤ ስለ ሽቦ። በመጪው ቅዳሜ መጣ። ይኼን ሳስብ አሁንም ይከብደኛል፤ መምጣቱን።

ሰዎች ለዚህ ነገር መሣሪያ አበጅተዋል። ጆን ስታቭሮፖሎስ የሚባል ሰው ያመጣው ኤክስ ካርድ አለ። ኤክስ የተጻፈበት ካርድ ጠረጴዛ መሐል ይቀመጣል። አንድ ነገር የከበደው ሰው ካርዱን ይነካል፤ ነገሩ ከታሪኩ ይወጣል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ግሩም ነው አልኩና ካርዱን አዘጋጅቼ መሐል አስቀመጥኩት፤ አስረዳሁ፤ ሁሉም ጎበዝ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጋሼ የስኒያቸው ማስቀመጫ አድርገውታል።

ምን ነካኝ? የማንን አገር ሰው ነው ካርድ አንሣ የምለው! እኛ እኮ ጠግበን "ጨምሩልኝ" የምንል ሰዎች ነን። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ካርዱን መንካት ማለት አጫዋቹን በሰው ፊት ማሳፈር፣ የጓደኛን ጨዋታ ማበላሸት ማለት ነው። ዝምተኛው ያን ማታ ካርዱ ከፊቱ ቢኖር ኖሮስ ይነካው ነበር? ሞቼ ነው! ያው ውኃ ሊጠጣ ነበር የሚነሣ።

ስለዚህ ከእናቴ የመጣልኝን አንድ ሙዳይ አወረድኩ። ሮን ኤድዋርድስ የሚባል የጨዋታ ደራሲ መስመርና መጋረጃ የሚለው ነገር አለው። መስመር ማለት በታሪኩ ውስጥ ጭራሽ የማይገባ ነገር ነው፤ መጋረጃ ደግሞ ሊኖር የሚችል፣ ግን ከመጋረጃ ጀርባ ተደርጎ የሚታለፍ። ማንም ሳያይ በየቤታችሁ ጻፉ፣ አጥፉ፣ ሙዳዩ ውስጥ ጣሉ፣ ብቻዬን አነባለሁ አልኳቸው። ጻፉ። አንዱ ወረቀት "ልጅ አይሙት" ይላል። አንዱ "ሆስፒታል አይኑር፤ ሥራ ውዬ ሥራ አልጫወትም" ይላል፤ የማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ሌላው "የርኩስ መንፈስ ስም አይጠራ፣ ይልቁንም በጾም" ብሎ ከሥር "ውሻም አይሙት" የሚል ጨምሯል። አንዱ ባዶ ነበር። ባዶውን ከሁሉ አስበልጬ አስቀምጬዋለሁ። ማን እንደጣለው አላጣራሁም፤ ግን አሁንም አንድ ነገር ላጫውት ስል ያን ወረቀት አወጣና አየዋለሁ።

ምርጫው የሚጀምረው ለካ እዚህ ነው። እኔ ከመጽሐፍ ጀምሬ ወደ ሰው ስሄድ ነበር፤ ከሰው ተጀምሮ ነበር ወደ መጽሐፍ መሄድ የነበረበት።

ደግሞ አንድ ነገር ገባኝ። አስፈሪ ጨዋታ ሲባል ስንት መጽሐፍ አየሁ መሰላችሁ፤ ሁሉም ውስጥ አንድ የሚያልቅ ነገር አለ። የሚለያዩት በሚያልቀው ነገር ነው። በአንዱ አቅል ያልቃል። አሊየን በሚለው፣ ስዊድኖቹ ፍሪ ሊግ በ2019 ባወጡት፣ እርጋታህ ነው የሚያልቀው፤ ጭንቀት በበዛብህ ቁጥር የምትጥለው ዳይስ ይጨመርልሃል፤ ለጊዜው እጅህ ይፈጥናል፣ ግን በዚያው ዳይስ 1 ከወጣብህ ድንጋጤው ጠልፎ ይጥልሃል። ማሙሽ ይኼን ይወደዋል። ዴልታ ግሪን የሚባል አለ፤ በ1997 የኮል ኦቭ ክቱልሁ ተጨማሪ ሆኖ ጀምሮ በ2016 ራሱን የቻለ። በሱ ደግሞ ዘመድ ያልቃል። ወረቀትህ ላይ ሚስትህ፣ ወንድምህ፣ ልጅህ ከነነጥባቸው ተጽፈዋል። ያየኸው ነገር አቅልህን ሊበላ ሲል ወደ እነሱ ማዞር ትችላለህ፤ አንተ ትተርፋለህ፣ እቤት ስትገባ ግን ትጮህባታለህ፣ ስልክ አታነሣለትም፣ ነጥባቸው ይወርዳል። ይኼን ሳስረዳ ጋሼ አቋረጡኝ።

"ይኼንንማ በነጻ እየተጫወትኩት ነው" አሉ። "ሌላ አምጣ።"

በዚያ ላይ ሰዓታችን። የአክስቴ ልጅ ተረኛ ናት፤ ጋሼ ሌሊት ኤርፖርት ይሰለፋሉ። አምስታችን ሳንጎድል የምንገናኝባት ቅዳሜ ሁልጊዜ አትገኝም። ስድስት ወር የሚሄድ ታሪክ ለኛ አይሆንም፤ በሁለተኛው ወር ያለፈውን ማን ያስታውሳል? በአንድ ማታ ተጀምሮ በዚያው ማታ የሚያልቅ መሆን አለበት።

ቴን ካንድልስ ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው። ስቲቨን ዱዊ በ2015 ያወጣው ነው። አሥር ሻማ ታበራለህ፣ ሌላውን መብራት ሁሉ ታጠፋለህ። ዳይስ ተጥሎ 6 ካልወጣ አንድ ሻማ ይጠፋል። ንፋስ ቢያጠፋውም ያው ነው። የመጨረሻው ሲጠፋ ሁሉም ይሞታሉ። ይኼ ገና ከመጀመሪያው ይነገርሃል፤ የሚተርፍ የለም። እኔ ይኼን ሳነብ አዲስ አበባ ታየችኝ። መብራት ሄደ፤ ሰፈሩ በሙሉ "ኡፍ" አለ፤ እናቴ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ታንኳኳለች፤ አያቴ በጨለማው "እንግዲያው ተሰብሰቡ" ይላሉ። የጅቡ ተረት የሚጀመረው መብራት ሲሄድ ነበር። መብራት መጣ ተብሎ ሰፈሩ በእልልታ ሲናጥ እኔ ብቻ ነበርኩ የምከፋው። አሥር ሻማ በዚያው ቀን ገዛሁ።

አንድ ነገር ግን አለ በጨዋታው። ሲጀመር እያንዳንዱ ተጫዋች በገጸ ባሕርዩ አንደበት የመጨረሻ መልእክቱን ድምፅ ይቀዳል። ሲያልቅ፣ ሁሉም ሲሞቱ፣ በጨለማው ውስጥ ያ ድምፅ ይከፈታል።

የአክስቴ ልጅ እስክጨርስ ሰማችኝ። "አይ" አለች። "እኔ የመጨረሻ ቃል ሌሊት ሌሊት እሰማለሁ። ቅዳሜ ደግሞ አልሰማም።"

ይኼን ጊዜ ካርድ አላስፈለጋትም። ሻማዎቹ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

እና ወደ እንጨቱ ደረስን። ጄንጋን ታውቁታላችሁ፤ 54 ትናንሽ እንጨቶች ሦስት ሦስት ሆነው 18 ድርብ የሚቆለሉበት፣ ከሥር እየሳቡ ላይ የሚያስቀምጡት። ያመጣችው ሌስሊ ስኮት ናት፤ ታንጋኒካ ተወልዳ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ያደገች እንግሊዛዊት። ስሙ ስዋሂሊ ነው፤ ኩጄንጋ፣ መገንባት። በ1983 ለንደን ላይ ለገበያ አቀረበችው። ኤፒዳያ ራቫቾልና ናትናኤል ባርሞር የተባሉ ሰዎች ይኼን ቁልል ወስደው ድሬድ የሚባል አስፈሪ ጨዋታ ሠሩበት። ዳይስ የለም። ቁጥር የለም። ልብ በሉ፤ ቁጥር የለም! ከባድ ነገር ልታደርግ ስትል አንድ እንጨት ትስባለህ። ቁልሉ ካልወደቀ ሆነልህ። ከወደቀ የአንተ ሰው ከታሪኩ ወጣ፣ ሞተም ጠፋም። እምቢ አልስብም ማለት ትችላለህ፤ ያኔ ያሰብከው አይሳካም እንጂ አትሞትም። ሰውህን ለማዘጋጀት ደግሞ የምትመልሰው ጥያቄ ይሰጥሃል፤ ጥያቄው ራሱ ወጥመድ ያለበት። ለጋሼ፣ "ወንድምህ ሲጠራህ ያልሄድከው ለምንድን ነው?" ብዬ ሰጠኋቸው። ሁለት ገጽ ጽፈው መጡ። ለማንም እንዳላነብ አስጠነቀቁኝ።

ታሪኩ ቀላል ነበር። ተራራ ላይ በረዶ የያዛቸው አራት መንገደኞች፣ አንድ ጎጆ፣ ውጭ የሚዞር አንድ ነገር። የሚታይ አይደለም። ድምፅ ይሰርቃል።

ከጀመርን አንድ ሰዓት ሲሞላ ቁልሉ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። ማንም አይስቅም። ዝምተኛው እንጨት ሲስብ ትንፋሹን ይዞ ነው፤ ጣቱ የሽቦ ሥራ የለመደ፣ አይንቀጠቀጥም። የአክስቴ ልጅማ ስንት የደም ሥር በጨለማ ያገኘች እጅ ናት። ያላሰብኩት ጋሼን ነው። ተራቸው ደርሶ እጃቸውን ሲዘረጉ አየሁት፤ ይንቀጠቀጣል። መሪ ላይ ይዘው የማናየው እጅ። መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። እኔ እጅ ሁሉ አንድ ነው ብዬ ነበር ያዘጋጀሁት።

"እኔ ልሳብልዎት፣ ጋሼ" አለች የአክስቴ ልጅ። እሺ አልን።

አሁን አስተውሉ። የጋሼ ሰው እንጨት ሊለቅም ወጥቶ ውጭ ቀርቷል። በሩ ተንኳኳ። "ክፈቱልኝ፣ እኔ ነኝ" አለ የጋሼ ድምፅ። ያ ነገር ደግሞ ድምፅ ይሰርቃል። ከውስጥ መቀርቀሪያውን የያዘችው የአክስቴ ልጅ ናት። ጋሼ በሩን ገፍተው ለመግባት ከቁልሉ እንጨት መሳብ አለባቸው፤ የምትስብላቸው እሷ ናት። አንድ እጇ በሩን ይዞ የሚከለክል፣ ሌላው ለሳቸው የሚስብ።

"አትክፈቺ!" ብሎ ጮኸ ማሙሽ። እዚህ አገር የተወለደው ማሙሽ፣ ያን ተረት ከማንም ያልሰማው።

ሳበች። ቀስ አድርጋ። እንዲያ ቀስ ብላ ስትስብ አይቻት አላውቅም። እንጨቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ሊያልቅ ሲል ቁልሉ ተናደ። ጋሼ ከወንበራቸው ዘለሉ።

ከዚያ ክርክር። ማን ሞተ? የሳበው ይሞታል ይላል ሕጉ፤ የሳበችው እሷ ናት። ግን ለጋሼ ነው የሳበችው፤ ስለዚህ ጋሼ ናቸው የሞቱት ይላል ማሙሽ። "ሆን ብለሽ ነው የጣልሽው!" አሏት ጋሼ። "እግዚአብሔርን አላደረግኩትም!" "በሩን ይዘሽ እኮ ነበር!" ዝምተኛው በዚያ ማታ አሥራ አንደኛውን ቃል የተናገረው ያኔ ነው። "መጀመሪያ፣" አለ፣ "ውጭ የነበሩት እሳቸው መሆናቸውን ማን አወቀ?"

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ አልተስማማንም። እኔ አጫዋቹ ነኝ፤ መፍረድ ነበረብኝ። አልፈረድኩም።

ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው፤ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ሆነው። ሰላምታ እንኳ የለም።

"ስማ" አሉኝ። "ከበሩ ውጭ የነበርኩት እኔ ነኝ አይደል?"

"አንቱ ምን ይመስልዎታል?"

ዝም አሉ። ከጀርባቸው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

"እኔማ እኔ መስሎኝ ነበር" አሉ፤ ተሳፋሪ መጣባቸው መሰለኝ፣ ስልኩ ተዘጋ።